የምድጃው ዋስ

ነገር የማያበዛ አንድ ገበሬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛ። የሸጠለት ሀብታሙ ባለሱቅ አቶ ድልነሳው፣ «ምንም ቢሆን ዋሱ እኔ ነኝ» ብሎት ነበር። ምድጃው ግን ቤት ከገባ ወዲህ ሲያሻው ይግላል፣ ሲያሻው ወጡን ጥሬ ትቶ ይተኛል። በመጨረሻ ሚስቱ እማዋይሽ፣ «ሳታስቀይር ደጄን እንዳትረግጥ» አለችውና ተሸክሞት ከተማ ወረደ።

አቶ ድልነሳው በገበያተኛው ፊት ሶኬቱን ሰካው። ምድጃው ወዲያው ፍም መሰለ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እኔ ዘንድ ይሠራል፣ አንተ ቤት አይሠራም» አለ ባለሱቁ ሆዱን እያሻሸ። «እንግዲህ የተበላሸው ማነው? እሱ ነው ወይስ አንተ? ራስህ ፍረድ።»

ገበሬው የጋለውን ምድጃ አየት አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ እኔም ብልሹ ነኝ። ሰው ፊት ትጉህ ነኝ፣ ቤቴ ስገባ እቀዘቅዛለሁ። ሚስቴም፣ ‹እንዲህ ያለው አንድ ይበቃኛል፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ወደመጣችሁበት ተመለሱ› ብላለች። እኔን ለማን ትመልስ? በሠርጋችን ዕለት ዋስ የሆኑኝ ሽማግሌዎች ሁሉ ሞተው አልቀዋል። የምድጃው ዋስ ግን ይኸው፣ እግዜር ይመስገን፣ በጤና ቆመዋል።»