በሮም ደጅ የተፈታው ጫማ

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ወዳጆች ሆይ፣ ለአንዲት ናፋቂ እናት ያደረገችውን ተአምር ስሙ።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ አትጠገብ የምትባል፣ ስመ ክርስትናዋም ወለተ ሐና የሆነ አንዲት መበለት ነበረች። በየማለዳው ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል አትቀምስም፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ባየችም ጊዜ ጫማዋን ፈትታ መቃኑን ሳትሳለም አታልፍም ነበር። አስናቀ የሚባል አንድ ልጇ በበረሃና በባሕር ተሰዶ ኢጣሊያ ገባ ተባለና ከዚያም ወሬው ጠፋ፤ እርሷም ማዕድ በቀረበ ቁጥር ድርሻውን እያስቀረች ዓመታት አለፉ።

ከዚያም የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ሊሳለሙ ከሚሄዱ ምእመናን ጋራ ሮም ደረሰች። መሪያቸው አቶ ገድሉ በባዕድ አገር ያረጀ፣ ከሰው ይልቅ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነበርና የቄሣሮችን አደባባይ፣ ሰው ከአውሬ ይታገልበት የነበረውን ክብ ሜዳ፣ የጥንት ክርስቲያኖች የተቀበሩበትንም ዋሻ እያዞረ አሳያቸው። ሌሎቹ ወደ ሕንፃው ሲያንጋጥጡ እርሷ በየደጁ ውሃና ጃንጥላ የሚሸጡትን ስደተኞች ፊት ፊታቸውን ታይ ነበር፤ ልጇን ግን አላገኘችውም።

በመመለሻቸው ዋዜማ ፓንቴዎን ከሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ደረሱ። ሕዝቡ ሁሉ ከነጫማው ሲገባ፣ እርሷ ዓምዶቹን አይታ ቤተ ክርስቲያን መሰላትና ጫማዋን በደጅ ፈትታ መቃኑን ተሳለመች።

አቶ ገድሉም፣ «እትዬ አትጠገብ፣ ይህ እኮ የጣዖታት ሁሉ ቤት ነበር፤ የትኛውን ነው የተሳለሙት? ብዙ ናቸውና ይምረጡ» አላትና ሰዎቹ ሳቁ።

እርሷም አፍራ በባዶ እግሯ ገባች። በውስጥ ግን የእመቤታችንን ሥዕል ከነልጇ አገኘች፤ አቶ ገድሉም ዘግይቶ፣ ጣዖታቱ ከወጡ ወዲህ ቤቱ ከሺህ ዓመት በላይ የማርያምና የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ተናገረ። ያን ጊዜ ተንበርክካ፣ «እመቤቴ፣ አንቺ ልጅሽን ታቅፈሽ ተሰደድሽ፤ የኔው ብቻውን ነው የሄደው። ነገ ልመለስ ነው፤ በየትኛው ደጅ ልፈልገው?» አለች። ወዲያውም ሰማይ ከሚታይበት ከጣሪያው ክፍት ዝናም ወረደ።

ስትወጣ አንድ ጃንጥላ ሻጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሎ አየች፤ ጃንጥላውን ለጫማዋ ዘርግቶ እርሱ ይበሰብስ ነበር። ማጅራቱን አይታ ልጇ መሆኑን ዐወቀችና ቀረበችው።

«የኔ ናቸው» አለችው።

እርሱም ሳይዞር በአገሩ ቋንቋ፣ «ከአገሬ ከወጣሁ በደጅ የተፈታ ጫማ አላየሁም፤ የወገን ነው ብዬ ጠበቅሁት» አለና ዞረ፤ ባያትም ጊዜ ፊቱን ሸፈነ።

«እማዬ፣ ባዶ እጄን እንዳታዪኝ ብዬ ነው የጠፋሁት።»

«ባዶ እጅህን አይደለህም፤ ጫማዬን ይዘሃል» አለችው።

በማግስቱ አብሯት አልተመለሰም፤ ስደት እንዲህ ቶሎ አይለቅምና። ነገር ግን በየወሩ በሃያ አንድ በዚያ ደጅ ጫማውን ፈትቶ ይደውልላታል፤ እርሷም ድምፁን ሰምታ እመቤታችንን ታመሰግናለች።

በባዕድ ደጅ ልጇን ያሳየቻት እመቤት፣ እናንተንም ዓይናችሁ ከመንገድ ላይ ካልተነሣለት ሰው ታገናኛችሁ፤ አሜን።