የአያ ይመር ቴፕና የተቀደዱት ስፒከሮች

ተረት ልነግራችሁ ነው። የምትሰሙ ጠጋ በሉ፤ የማትሰሙ ደግሞ ቢያንስ አታውሩ፤ እኔ እየተናገርኩ ሲወራ አልወድም።

በድሮ ጊዜ፣ ቃል በካሴት ተቀድቶ ባሕር በሚሻገርበት ዘመን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረች። ዳሽቦርዷ ላይ አንድ ቴፕ ነበር፤ ከፋብሪካ ስትወጣ አብሯት የወጣ። በሁለቱ የፊት በሮቿ ውስጥ ሁለት ስፒከሮች ነበሩ፤ እነሱም ከፋብሪካ አብረዋት የወጡ። ቀኝና ግራ እንበላቸው። ከግራው ጎን፣ እዚያው በር ውስጥ፣ አንዲት አይጥ ትኖር ነበር። እሷ እንኳን ከፋብሪካ አልወጣችም፤ ከእህል ማዳበሪያ ውስጥ ነው የመጣችው።

የመኪናዋ ጌታ አያ ይመር ይባላል። አያ ይመር መዲና የምትባል ልጅ ነበረችው። መዲና ለሰው ቤት ሥራ ዐረብ አገር ሄደች። በሄደች በዓመቷ በመንገደኛ እጅ አንድ ካሴት ላከች። ያኔ እንዲህ ነበር፤ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ድምፁን ቀድቶ ይልካል።

ቤት ውስጥ ካሴት የሚያጫውት ነገር ስላልነበረ ቤተሰቡም ጎረቤቱም መኪናዋን ከበባት። ገሚሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ገሚሱ በመስኮት አንገቱን አስገባ። ካሴቱ ገባ፤ የመዲና ድምፅ ወጣ።

«እማዬ፣ እንደምን አለሽ?» አለች መዲና።

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ልጄ» አለች እናቷ ከኋላ ወንበር።

«አያ እንድሪስ፣ እንደምን አለህ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጎረቤታቸው በመስኮት።

«ቀይዋ ላም ወለደች ወይ?»

«ወለደች፣ ወንድ ወለደች» አሉ ሕፃናቱ ባንድ ድምፅ።

የካሴት ደብዳቤ እንዲህ ነው። ሰላምታው ይቀድማል፣ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መዲና አርባ ሰው በስም ጠርታ ሰላም አለች፤ አርባውም መለሰላት። ሰላምታው ሲያልቅ ገሚሱ ያለቅሳል፣ ገሚሱ እልል ይላል፣ ገሚሱ «እኔን ሳትጠራኝ ቀረች» ብሎ ያኮርፋል። በዚያ ጫጫታ መሐል መዲና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። ማንም አልሰማትም። ካሴቱ አለቀ።

ማንም ማለቴ፣ ከሰው ማንም። ቀኝና ግራ ሰምተዋል። ቴፑ ግን አልሰማም። ቴፕ የካሴቱን ቃል ያነባል እንጂ ምን እንደሚል አይሰማም፤ ከካሴቱ ያነሳውን በሽቦ ይልካል፣ ድምፅ የሚሆነው ስፒከሮቹ ዘንድ ሲደርስ ነው። ቀኝና ግራም ሰምተው ዝም አሉ። ለምን ዝም እንዳሉ ቴፑ ያወቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ እናንተም ታገሡ።

በማግስቱ አያ ይመር ብቻውን ገብቶ ካሴቱን ከፈተ። ሰላምታው እንደ ትናንቱ ወጣ። መጨረሻው ላይ ግን ከር፣ ከር፣ ከር ብቻ ሆነ። የስፒከሮቹ ወረቀት ተቀዷል። ጮክ ያለው ሰላምታ በተቀደደውም ወረቀት ያልፋል፤ ዝቅ ያለው ቃል ግን አላልፍ አለ። አያ ይመር ካሴቱን አውጥቶ ሌላ ሰው ቤት ሊወስደው ሲሞክር ካሴቱ ቴፑ ውስጥ ተነከሰ። ይዞራል፣ ይጠቀለላል፤ መውጣት ግን እምቢ አለ።

ከዚያ በኋላ ከመዲና ካሴት አልመጣም። ስልክም አልመጣም። ወሬ የያዘ ሰውም አልመጣም። እናቷ «መጨረሻ ላይ ምን ብላ ይሆን?» እያለች በሦስተኛው ዓመት ሞተች።

አያ ይመር ግን በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ካሴቱን ይከፍታል። አርባውን ሰላምታ ይሰማል፤ ከሞቱት ፋንታ እሱ «ደህና ነው፣ ደህና ናት» እያለ ይመልሳል። መጨረሻው ሲደርስ ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል።

«አድራሻዋን ነው የነገረችኝ» ይላል። «ከተማዋን አውቃለሁ፤ ቤቷን ባውቅ ሄጄ አመጣት ነበር። አንተ ቴፕ፣ ምን አለችኝ?»

ቴፑ አፈረ። አደራ ተቀብሎ ግማሹን ያደረሰ መሰለውና እንቅልፍ አጣ። ተነሥቶ ባትሪውን ጠየቀ።

«የልጅቱን ቃል የበላኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ኃይል እሰጣለሁ እንጂ ቃል አልበላም» አለ ባትሪው።

ሽቦውን ጠየቀ። «የልጅቱን ቃል የጣልከው አንተ ነህ?»

«እኔ የሰጠኸኝን አደርሳለሁ እንጂ አልጥልም» አለ ሽቦው።

ቀኝና ግራን ጠየቀ። «የልጅቱን ቃል የያዛችሁት እናንተ ናችሁ?»

ቀኝ ዝም አለ። ግራ «አርጅተናል፣ ወንድማችን» አለ፤ ቴፑም አመነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱን ጠላቸው። ከፋብሪካ አብረው መውጣታቸው እንኳ አስጠላው።

በዘጠነኛው ዓመት አያ ይመር መኪናዋን ወደ ኤሌክትሪሺያን ወሰዳት። አንደኛው ኤሌክትሪሺያን «ቴፑን አውጥተን አዲስ እንግጠም» አለ። «ካወጣኸው ክሩ ይበጠሳል፤ ልጄ ውስጡ አለች» ብሎ አያ ይመር ተመለሰ። ሁለተኛውም «ቴፑን አውጥተን አዲስ እንግጠም» አለ፤ አሁንም ተመለሰ። ሁለት ጊዜም ቴፑ በፍርሃት ራደ። በየሱቁ ጥግ የተከመሩትን፣ ሆዳቸው የተዘረገፈውን ቴፖች አይቷልና።

ሦስተኛው ኤሌክትሪሺያን ሰይዴ ይባላል። ሰይዴ በሮቹን አንኳኳ፣ ጆሮውን ሰጠ፤ ከዚያ «ቴፑ ደህና ነው፤ የሞቱት ስፒከሮቹ ናቸው። ቴፑን ትተን እነሱን ብቻ እንቀይር» አለ።

ቴፑ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአያ ይመር ብቻ ብሎ አይደለም፤ ቀኝና ግራ ስለሚነቀሉም ነው።

ሰይዴ በሮቹን ፈታ። አሮጌዎቹ ሞላላ፣ አዲሶቹ ክብ ሆኑበትና ከስስ ጣውላ ቀለበት ቆርጦ አስገባላቸው። ቀኝና ግራን ነቅሎ ኋላ ወንበር ላይ ወረወራቸው። አይጧም ቤቷ ሲፈርስ ሮጣ ከነሱ ጎን ተደበቀች።

«አያ ይመር፣ ስማኝ» አለ ሰይዴ። «የዚህ ቴፕ አቅም ትንሽ ነው። አዲሶቹ ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ። ድምፁን ከግማሽ አታሳልፈው፤ ካሳለፍከው ይቃጠላል።»

«ገባኝ» አለ አያ ይመር። ልቡ ግን ካሴቱ ዘንድ ነበር። እዚያው በጋራዡ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከፈተው። ሰላምታው ጥርት ብሎ ወጣ። «እማዬ፣ እንደምን አለሽ?» አለች መዲና፤ አያ ይመር «ደህና ናት» አለ።

ይኼኔ ግራ ከኋላ ወንበር ተናገረ። «ቴፕ፣ ወንድማችን፣ መጨረሻው ጋ ሳትደርስ ክሩን በጥርስህ በጥሰው።»

«ለምን ብዬ?» አለ ቴፑ።

«ልጅቱ ድረስልኝ ብላለች። ከአረፋ በፊት ብላለች። ያ አረፋ ካለፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሁን ቢሰማው ሐዘን እንጂ ሌላ ምን ያገኛል?»

ቴፑ ደነገጠ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልሰማም? ያኔ ጊዜ ነበረው።»

«ያን ቀን ቤቱ ደስ ብሎት ነበር» አለ ቀኝ፤ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ ነበረች። «እናቲቱ ስትስቅ አየናት። ነገ ይህን ቃል ብትሰማ ትሞታለች አልን። አዘንንላት።»

«እኔን ‹የወረቀታችንን ጠርዝ ብይልን› ብለው ለመኑኝ» አለች አይጧ። «ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩ፤ ወረቀቱ ሙጫ ሙጫ ይላል። በአራተኛው በላሁ።»

ቴፑ ዘጠኝ ዓመት ያፈረበትን አሰበ። እናቲቱ መሞቷ እንደሆነ አልቀረላትም፤ ሳትሰማ ሞተች። «ቃሉ የእኔ አይደለም» አለ። «የእናንተም አልነበረም። የተላከው ለእሱ ነው።» ይህን ብሎ ክሩን ሳይበጥስ ማንበቡን ቀጠለ።

ሰላምታው አለቀ። የመዲና ድምፅ ዝቅ አለ። አያ ይመር ጎንበስ ብሎ ድምፁን ግማሽ አደረሰው።

«ጨምር» አሉ አዲሶቹ ስፒከሮች፤ ቴፑ ጨመረ፣ ሆዱ ሞቀ።

አያ ይመር ድምፁን ከግማሽ አሳለፈው። «ጨምር» አሉ፤ ቴፑ ጨመረ፣ ሆዱ ጋለ።

አያ ይመር ድምፁን እስከ ጥጉ ወሰደው። «ጨምር» አሉ፤ ቴፑ ያለውን ሁሉ ሰጠ፣ ሆዱ ነደደ። የመዲና ድምፅ ከጎኑ የተቀመጠች ያህል ተሰማ።

«አባዬ፣ ይሄ ለአንተ ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ነው የምቀዳው። ሴትዮዋ ፓስፖርቴን ወስዳብኛለች፤ ትመታኛለች። ቤቱ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው፣ በሩ አረንጓዴ ነው። ከአረፋ በፊት ሰው ላክልኝ። ለእማዬ አትንገራት። ሰው ካልመጣ ግን ሰምተህ ዝም ያልከኝ ነው ብዬ እይዘዋለሁ፤ ሁለተኛ አላስቸግርህም፣ አባዬ።»

ከዚያ ከቴፑ ውስጥ ጭስ ወጣ። ክሩ ቀልጦ ከጥርሱ ጋር ተጣበቀ። ሰይዴ ሮጦ የባትሪውን ሽቦ ነቀለ፤ አዲሶቹም ስፒከሮች ዝም አሉ።

አያ ይመር አልጮኸም። አርባውን ሰላምታ ሲመልስ በነበረበት ድምፅ «አልሰማሁም ነበር፣ ልጄ» አለ። መልስ የሚያገኝ ይመስል ጠበቀ። ደግሞ «አልሰማሁም ነበር» አለ። ሦስተኛ ሲለው ሰይዴ መስማት አቅቶት ወደ ውስጥ ገባ።

አያ ይመር ወደዚያ አገር ሦስት ጊዜ ሰው ላከ። አንደኛው «ከዓሣ ገበያው ጀርባ አረንጓዴ በር የለም» ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው «ቤቱ ፈርሷል፣ የነበሩትን የሚያውቅ የለም» ብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው ሲመለስ አያ ይመር ደጅ ቆሞ ጠበቀው፤ ሰውየው አጠገቡ መጥቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፣ ያመጣውንም ወሬ ዋጠው።

ቴፑ አሁንም እዚያው ዳሽቦርዱ ላይ አለ። ተቃጥሏል፤ ማንም አላወጣውም። አያ ይመር በየማለዳው ይገባና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚከፍተው ግን የለም። ቀኝና ግራም እዚያው ኋላ ወንበር ላይ አሉ።

«ወንድማችን፣ እኛ እኮ አዝነን ነው» ይሉታል ቴፑን።



እንግዲህ ሰምታችኋል። ሰው ያዝናል ብላችሁ ለሰው የተላከ ቃል አትዋጡ። ማዘኑም የእሱ ነው፤ በጊዜው ከሰማው ሮጦ መድረሱም የእሱ ነበር።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ አልፈልግም፤ ስታወሩት ብቻ እስከ መጨረሻው አውሩልኝ።