በሩ ላይ የተቀመጠው ብሎኬት

አንድ ከተማ ዳር ያለች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሕዝቧ የቀን ሠራተኛ፣ የጉልት ነጋዴ፣ ጋሪ ነጂ ነው። ግድግዳዋን ያቆሙት በገዛ ጉልበታቸው ነው፤ ከሥራ መልስ አሸዋ እየዛቁ፣ ድንጋይ እየተሸከሙ። ስለዚህ ቤቷን እንደ ዐይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። ስሟን በክፉ የሚያነሳ ካለ ወዮለት።

በዚህች ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰባኪ ነበር። ድምፁ ያምራል። ሲጸልይ ሰው ያለቅሳል። የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። እሱ ሲገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል።

አንድ ልማድም ነበራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ከመዘምራኑ አንዷ ልጅ በተራዋ የሰባኪውን ቢሮ ትወለውላለች፣ ምሳውን ታደርስለታለች። እሱ ደግሞ በሩን ዘግቶ ይጸልይላታል። ይሄን "የበረከት ተራ" ይሉታል። እናቶች የልጃቸው ተራ ሲደርስ ቀሚሷን አጥበው፣ ፀጉሯን ሠርተው ነው የሚልኳት። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የጠየቀም የለም።

ከመዘምራኑ መሃል እታገኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ሕንፃ ሥራ ላይ ብሎኬት ተሸካሚ ናት። ሳምንቱን ሙሉ በእንጨት መወጣጫ ላይ ስትወጣ ስትወርድ ነው የምትውለው። ማታ ቤቷ ስትገባ አንገቷን ማዞር ያቅታታል። እሁድ ጠዋት ግን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ስትዘምር ላያት ድካም የሚባል ነገር የነካት አይመስልም።

የራሷ ተራ ሲደርስ እሷም ደስ ብሏት ነበር የሄደችው። ሰባኪው በሩን ዘጋ። እጁን ራሷ ላይ ጫነ። ጸሎቱ ቀጠለ፤ እጁ ግን ራሷ ላይ አልቆየም። ስትገፋው "ምን ሆነሻል? መንፈስ ነው፤ አትታገይ" አላት። ገፈተረችውና መወልወያውን እዚያው ጥላ ወጣች።

ሄዳ ለመዘምራኑ ኃላፊ ለእትዬ ብዙነሽ ነገረቻቸው። እትዬ ብዙነሽ ግራና ቀኝ አዩና እጇን ያዝ አደረጉ።

"ልጄ፣ ይሄን ለሌላ ሰው ነግረሻል?"

"ኧረ አልነገርኩም።"

"እንግዲያው ዋጥ አድርጊው። በእግዚአብሔር ቅቡዕ ላይ እንዲህ አይወራም። የቤተ ክርስቲያን ስም ይነሳል። ጸልዪበት።"

እታገኝ ጸለየች። በጸለየች ቁጥር ግን ፊቷ ድቅን የምትለው ከሷ ቀጥሎ ተራ የሚደርሳት ልጅ ነበረች።

ስለዚህ የምትችለውን አደረገች። ቅዳሜ ሲመጣ ተረኛዋን ልጅ መንገድ ላይ ትጠብቅና "ነይ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ እኔ ልሥራልሽ፤ አንቺ ሂጂ ልብስሽን እጠቢ" ትላታለች። ለቀን ሠራተኛ ቅዳሜ ከሰዓት ማለት ጀርባው መሬት የሚነካበት ብቸኛ ሰዓት ነው። እሷ ግን የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሥራ ቦታዋ ጠርዙ ተሸርፎ ለግንብ የማይሆን አንድ ብሎኬት ለምና፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቢሮው ደጃፍ ስትደርስ በበሩና በመቃኑ መሃል አስቀመጠችው። በሩ አልዘጋ አለ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አላት ሰባኪው።

"ብሎኬት ነው፣ ፓስተር።"

"እሱማ ይታየኛል። አንሺው።"

"ሳምንቱን ሙሉ ሳነሳ ከርሜ ወገቤ ተቆርጧል። ከፈለጉ እርስዎ ያንሱት።"

ሰባኪው ብሎኬቱን አየ። የነጭ ሸሚዙን እጅጌ አየ። ከደጅ ሰው ያልፍ ነበር። "በይ ቶሎ ወልውለሽ ሂጂ" አለና መጽሐፉ ላይ አቀረቀረ። እሷም ጀርባዋን ሳትሰጠው ወልውላ ወጣች። ስትወጣ ብሎኬቱን አላነሳችውም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። የሰው አፍ መቼም ሥራ አይፈታም።

"ይቺ ልጅ ለጌታ ቤት ስትተጋ አያችሁልኝ?" አሉ አንዳንዶቹ።

"የምን የጌታ ቤት! ሰውየው ላይ ዐይኗን ጥላ ነው እንጂ" ብለው የሳቁም ነበሩ።

አንዷ እናት ደግሞ መንገድ ላይ አስቁማ "የልጄን በረከት ነጠቅሽብኝ፤ አይበጅሽ!" አለቻት። እታገኝ መንገዷን ቀጠለች።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ላቀው ንጽሕና የሚወዱ ሰው ናቸው። እሁድ ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ያንን ብሎኬት ከቢሮው ደጃፍ እያነሱ አጥር ሥር ያስቀምጡታል። አንድ እሁድ አውራ ጣታቸውን መታቸውና መድረክ ላይ ወጥተው "ወገኖች፣ የጌታን ቤት ደጃፍ የድንጋይ መጣያ ያደረገ ሰው አለ። ይሄ ነገር ይታረም!" ብለው አስጠነቀቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰባኪውም ሳቀ። እታገኝ ከመዘምራኑ መሃል አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ሲመጣ ብሎኬቱን ከአጥሩ ሥር አንስታ ቦታው መለሰችው።

ነገር ግን ሰው ብረት አይደለም። አንድ ቀን ሥራ ላይ ድካም አዞራትና መወጣጫው ላይ ተንሸራተተች። የያዘችው ብሎኬት እግሯ ላይ ወደቀ። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ ተከራይታ ካለችበት ቤት ፍራሽ ላይ ዋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሊድያ ልትጠይቃት መጣች። ሊድያ ገና መዘምራን የገባች፣ የሽንኩርት ቸርቻሪዋ ልጅ ናት። ድምፅዋ ከቁመቷ ይበልጣል። ዛሬ ቀሚሷ ተተኩሷል፣ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል።

"እታገኝዬ፣ እግርሽ እንዴት ነው? እኔኮ ዛሬ ተረኛ ነኝ! እማዬ ከሌሊት ጀምራ ምሳውን ስትሠራ ነበር" አለች፣ የያዘችውን ሳህን ከፍ አድርጋ እያሳየች።

እታገኝ ሳህኑን አየች። የልጅቷን ክንድ አየች፤ ቀጭን ነው። ብሎኬት ቀርቶ ግማሹን አያነሳም። ቢያነሳስ? ይቺ ልጅ ብሎኬት እያዘለች ልታድግ ነው? ከሷ ቀጥሎ ያለችውስ?

ያን ጊዜ ቆረጠች። ብሎኬቱ ለልጅ የሚወረስ ዕቃ አይደለም። ግድግዳ ይዛ ተነሳች።

"ትከሻሽን አውሺኝ። አብረን ነው የምንሄደው።"

አንድ እግሯን እየጎተተች፣ ልጅቷ ላይ እየተደገፈች ደረሰች። ወደ ቢሮው ግን አልዞረችም። ሽማግሌዎቹ ለዓመቱ ጉባኤ ዝግጅት ተቀምጠው ወደነበረበት አዳራሽ ገባች። እትዬ ብዙነሽም እዚያው ነበሩ።

"ሊድያ እዚያ ቢሮ አትገባም" አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

"ምነው ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?" አሉ ጋሽ ላቀው።

ሊድያን ውጭ ጠብቂኝ አለቻትና ነገረቻቸው። አልተንተባተበችም፣ አላለቀሰችምም። በሩን እንዴት እንደዘጋ፣ እጁ የት እንደሄደ፣ ምን እንዳላት፣ የሌሎቹን ተራ ለምን ስትወስድ እንደከረመች።

ሰባኪው ተጠራ። መጣ፣ ሰማ፣ አለቀሰ። መሬት ላይ ተንበረከከና "ልጄ፣ ሳላውቅ አስቀይሜሽ ከሆነ በጌታ ስም ይቅር በይኝ" አላት።

የሽማግሌዎቹ ልብ ቅቤ ሆነ። የእነሱ ሥራ ማስታረቅ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለመዱት እሱን ነው። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ጎረቤት አስታርቀዋል። ይሄንንም እንደዚያው አዩት።

"አየሽ ትሕትናውን?" አለ አንዱ። "በሉ ተሳሳሙ፤ ነገሩ እዚሁ ይቅር።"

እታገኝ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

"የሚታረቅ የተጣላ ሰው ነው። እኔና እሱ ምን ተጣላን? ልጠርግ መጣሁ፣ በር ዘጋብኝ።"

"ይቅርታ የምትከለክይ አንቺ ማን ነሽ?" ቱግ አለ ሽማግሌው።

"ይቅርታውን ከፈለጋችሁ ውሰዱት። የቢሮውን ቁልፍ ግን ከሱ ተቀበሉት።"

ሰባኪው ከተንበረከከበት ቀና አለ። እንባው አልደረቀም፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። "ይሄ ወሬ ከዚህ አጥር ቢወጣ የምትዋረደው ይቺ ቤት ናት። ጠላት ነው የሚስቅብን። አስቢበት።"

"ይቺን ቤት እኔም ድንጋይ ተሸክሜላታለሁ" አለች እታገኝ። "ጠልቻት ነው ያንን በር በብሎኬት ስይዝ የከረምኩት?"

ጋሽ ላቀው ቀና አሉ።

"የቱ ብሎኬት?"

"ጠርዙ የተሸረፈው።"

"እሱ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው። ቅዳሜ አስቀምጠዋለሁ፣ እሁድ እርስዎ ያነሱታል።"

ጋሽ ላቀው እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው፤ የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። "እኔኮ..." አሉ፣ "ማን እንደሚያስቀምጠው ነበር የምፈልገው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።"

ያን ጊዜ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

"ያኔውኑ ነግራኝ ነበር። ዋጥ አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ።"

የሰባኪው እንባ እዚያው ላይ ቆመ።

ጋሽ ላቀው ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን።"

"ጋሽ ላቀው፣ እስቲ መጀመሪያ በጸሎት..."

"እንጸልያለን። ቁልፉን አምጣ፣ አንተ!"

ሰባኪውን "አንተ" ሲሉት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ቁልፉ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። በዚያው ሰዓት ሰባኪው ከአገልግሎት ታገደ። አንዱ ሽማግሌ "ነገሩን በቤታችን እንጨርሰው" ሲል ጋሽ ላቀው "በቤታችን ስንጨርስ ነው እዚህ የደረስነው" አሉት። ጋሪ አስጠርተው፣ እትዬ ብዙነሽ ለምስክርነት ከጎኗ ተቀምጠው፣ እታገኝን ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይዘዋት ሄዱ።

ሊድያ ሳህኗን እንደያዘች ደጅ ቆማ ስትጠብቅ ነበር።

"እታገኝዬ፣ ታዲያ ቀሚሴን ለብሼ እንዲሁ ልመለስ ነው?"

"አዎ። እንዲሁ ተመለሺ። ምሳውንም ከእናትሽ ጋር ብሉት።"

ልጅቷ ትንሽ ቅር ብሏት፣ ሳህኗን ይዛ፣ ምንም ሳይደርስባት ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። "ቅቡዑን ደፈራችሁ" ብለው ጥለው የወጡ ሰዎች አሉ። እታገኝን መንገድ ላይ አይተው የሚዞሩም አሉ። ግን የበረከት ተራ የሚባለው ነገር ቀረ። የቢሮው በር ተነቅሎ በመስታወት በር ተተካ። ማንም አገልጋይ፣ የቱንም ያህል ቢከበር፣ ከማንም ልጅ ጋር ለብቻው በር ዘግቶ አይጸልይም ተባለ። የከፋት ልጅ ደፍራ የምትነግራቸው ሴቶች ተመረጡ፣ ስማቸውም ለሁሉ ተነገረ። ይሄን ሁሉ እሁድ ዕለት ልጆቹ በተቀመጡበት የተናገሩት እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው ናቸው። መጨረሻ ላይ "ከእንግዲህ ዋጥ አድርጊው የሚልሽ ሰው ካለ፣ እኔም ብሆን፣ አትስሚኝ" አሉ። ጉባኤው ሲያልቅ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ መጣችና እጃቸውን ያዘች። ከሷ ኋላ ሌላ መጣች።

ጋሽ ላቀው ያንን ብሎኬት ለመታሰቢያ ግድግዳው ላይ ላስገንባው ብለው ነበር። እታገኝ ግን ሳቀች። "ኧረ ጋሽ ላቀው፣ ይጣልልኝ! ስሸከመው የከረምኩት አይበቃም?"

ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይሄ ነው። ቤተ ክርስቲያንን የሚያዋርዳት በደሉን የተናገረው ሰው አይደለም፤ የበደለውና የሸፈነው ነው። ይቅርታ መልካም ነው፤ ግን በደለኛን መልሶ ከልጆች ጋር በር ዘግቶ የሚያስቀምጥ ከሆነ ይቅርታ አይባልም። ልጆችን መጠበቅም ሰባኪው ጥሩ ሰው ይሁን አይሁን ተብሎ በግምት የሚተው ነገር አይደለም። አንዲት የደከመች ልጅ ብቻዋን የምትሸከመው ሸክምም አይደለም። ቤቱን አብረን ከሠራነው በሩንም አብረን መጠበቅ አለብን።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ? በምታመልኩበት ደጃፍ እግራችሁን የመታችሁን ነገር አንስታችሁ ጥግ ከማድረጋችሁ በፊት፣ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?