ደንገጎ ላይ የቆመችው ሙሽሪት

…ቱቦው ጷ! ብሎ ፈነዳላችኋ! ና ግባ፣ ቁጭ በል፤ ብዙ አላመለጠህም። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። እኛ አምስት ሰዎች ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው ዳገት፣ ደንገጎ ኩርባ ላይ ነን። በግራ ገደል፣ በቀኝ ድንጋይ፣ ከላይ ደግሞ ጭነት የሞላ ከባድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ይመጣል።

እሺ፣ አሁን ለገባው ሰው ስል ከሥሩ ልጀምር። በአንድ ወቅት፣ ማለትም ባለፈው እሁድ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጥቁር የጀርመን መኪና ነበረች። ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ የሰፋ፣ ለሩጫ የተሠራች። ባለቤቷ ጋሽ ልሳኑ ይባላሉ። በጊዜያቸው ከድሬ ጅቡቲ ባቡር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያገለገለች መኪና ናት፤ ልጃቸው በጅቡቲ በኩል አስገባላቸው፤ ብዙም ሳይነዷት ዓይናቸው ደከመ። ከግቢ ስለማትወጣ ሰፈሩ «ሙሽሪት» አላት።

እኔ ደላላ ነኝ። ትምህርቱን በጊዜ ተሰናብቼ መኪና ውስጥ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል። ያገለገለች የአውሮፓ ስፖርት መኪና ልግዛ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ አትግዛ። ስትሄድ እንደሷ የለም። ስትቆም ግን መለዋወጫዋን እንኳን ድሬ አዲስ አበባም አታገኘውም። ጃፓኗን ግዛና እንቅልፍህን ተኛ።

ሦስት ሰዎች ግን እምቢ አሉኝ።

አንዱ ፈርሃን ነው። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር የአይሱዙ ሾፌር። «አቦ አንቺ ደላላ፣» አለኝ (ድሬ ላይ ጓደኛ ከሆንክ ወንዱም አንቺ ነህ)፣ «ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስለማመጥ ነው የኖርኩት። ቶሎ በይ እላለሁ፣ አትሰማም። አንድ ቀን የምትሰማኝ መኪና ልንዳ።»

ሁለተኛዋ አዜብ ናት። አሸዋ ገበያ መለዋወጫ ትሸጣለች። ሙሽሪት ገና ከጅቡቲ ስትገባ ጀምሮ ዓይኗን ጥላባታለች። ችግሩ መንጃ ፈቃድ የላትም። «ሾፌር እቀጥራለሁ፤ ምን አገባህ?» ትላለች።

ሦስተኛው ልብስ ሰፊው መርሻ፣ የጋሽ ልሳኑ የግድግዳ ጎረቤት ነው። ጋሽ ልሳኑ መንዳት ካቆሙ ጀምሮ በየጠዋቱ ሞተሯን አስነሥቶ፣ አሙቆ፣ አቧራዋን ጠርጎ ወደ ስፌቱ የሚሄደው እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም። ከግቢ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይነዳታል። ከዚያ በላይ ይፈራል።

ጋሽ ልሳኑ ሦስቱንም በረንዳቸው ላይ ሰበሰቡ። «ዋጋዋ ለሁላችሁም አንድ ነው፤ እሱ ላይ አንነጋገርም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ። የገዛት ሰው በየእሁዱ ደንገጎ አናት ያወጣኛል። የድሬ ሙቀት ደረቴን ይዞኛል። እዚያ ስደርስ ብቻ ነው እንደ ሰው የምተነፍሰው።»

ሦስቱም እሺ አሉ።

እንግዲህ ወጉን ታውቃላችሁ። ድሬ ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ደንገጎን ሳያስወጣት ቀብድ አይከፍልም። ሜዳ ላይማ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው፤ ዳገት ላይ ነው ውሸቱ የሚወጣው። ስለዚህ ሁላችንም ገባን። ፈርሃን መሪው ላይ፣ ጋሽ ልሳኑ አጠገቡ፣ አዜብ፣ መርሻና እኔ ከኋላ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ኤሲው በርቷል። ውስጡ እንደ ሐረር ጠዋት ነው።

ፈርሃን ነዳ ልበላችሁ? አበረራት። ኩርባውን ስትይዝ መሬቱን የምትልስ ነው የምትመስለው። ጋሽ ልሳኑ መዳፋቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አድርገው «አሁን ትልቁ ኩርባ… አሁን ድልድዩ…» ይላሉ። ሳያዩ ነው የሚያውቁት። ፊታቸው ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ነበር።

የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ ከመሐል አልፎ ወጣ። እኔ አየሁት። መርሻ አየው። አዜብ አየችው። ፈርሃንማ ፊት ለፊቱ ነው። ዳገት ላይ ኤሲ ማጥፋት ድሬ ላይ ያደገ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ግን ማን ይናገር? «ኤሲው ይጥፋ» ያለ ሰው መኪናዋን ጠረጠረ ማለት ነው። የጠረጠረ ደግሞ በሽማግሌው ፊት ምን ብሎ ይገዛታል? መርፌው ይወጣል፣ እኛ አየሩን እናወድሳለን። «ቅዝቃዜው ደስ ሲል!» አለች አዜብ። «በጣም!» አለ መርሻ፣ ግንባሩ ላብ ነው።

ከዚያ ጷ!

ሞተሩ ሲጠፋ የእንዲህ ዓይነት መኪና መሪ ድንጋይ ይሆናል፤ ፍሬኑም አብሮ ይደነድናል። ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ ተሳበች፤ ከባዱ መኪናም እዚያው ላይ ነው። ፈርሃን አልጮኸም። ከወንበሩ ተነሥቶ በትከሻው መሪውን ጠመዘዘው፣ ከባዱ መኪና በስንዝር አለፈን። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር የኋላ ጎማዋን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር አስደግፎ አቆማት። ቀለሟ እንኳን አልተጫረም።

ወርደን ኮፈኑን ከፈትን። የውሃው ቱቦ ለሁለት ተተርትሯል። «አለቀላት፣» አልኩ በሆዴ፤ እንዲህ ዓይነት ቱቦ ለማግኘት ስንት ስልክ ነው የሚደወለው? አዜብ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ከሻርፗ ሥር አዲስ ቱቦ መዘዘች። የዚችው መኪና ቱቦ። መኪናዋ ድሬ የገባች ሰሞን ነው ገዝታ ሱቋ ያስቀመጠችው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፣ ካቻቢቴ ከኔ ተቀብላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ራሷ ገጠመችው። ውሃ ፍለጋ ቁልቁል የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ይሁን፣ ውሃ ያመጣ ሰው መኪና አይጠይቅም።

ፈርሃን ቁልፉን አዞረ። ምንም። ደግሞ አዞረ። ትንፍሽ የለም። «አቦ ባትሪዋ ነው፣» አለ። አዜብ ባትሪውን አየችው፤ ደህና ነው። ጋሽ ልሳኑ ከሰውነታቸው አየር የወጣ ይመስል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ሞተች?» አሉ በቀስታ።

መርሻ ነው የመለሰላቸው። «አልሞተችም ጋሼ። አኩርፋ ነው።» ገባና ካምቢዮውን፣ የማርሹን ዘንግ፣ ወደ ዜሮ አወረደው፣ በጉልበቱ ደገፍ አድርጎ ይዞ ቁልፉን አዞረ። ሙሽሪት ተነሣች። ሲሞቃት እንዲህ ታደርጋለች ለካ። እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አናቱ ላይ ወጣን። ኤሲ የለም፣ መስኮት ተከፍቷል። ጋሽ ልሳኑ ነፋሱን በረጅሙ ማጉ። ጸቡ የተነሣው እዚያ ነው።

«እኔ ባልኖር መኪናዋም እናንተም ገደል ውስጥ ነበራችሁ፣» አለ ፈርሃን። «የዳነ ነገር የአዳኙ ነው።»

«ማን አጋላት?» አለችው አዜብ። «አንተ አይደለህ እንደ አወዳይ ጫት ያበረርካት? እኔ ባልኖር እዚያው ዝጋ ትቀር ነበር። ገና የኔ ሳትሆን ዕቃዋን የገዛሁላት እኔ ነኝ።»

«ቆይ፣ ቱቦውን ዛሬ ለምን ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው?» አላት መርሻ።

«የሙሽሪትን ቱቦ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሳየው አብጦ ነበር፤ አዲሱን ከሱቄ አስመጣሁ፣» አለች። «ብናገር ሁላችሁም ትመለሱ ነበር። ጋሼም አይወጡም።»

«አላህ! አውቀሽ ጫንሽን?» አለ ፈርሃን።

«አንተስ መርፌውን አላየህም?»

መርሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ባልኖር ድሮ ሞታ ነበር። እናንተ ልትገዟት ነው የመጣችሁት፤ እኔ ሳልገዛት ነው ያኖርኳት፣» አለ።

ጋሽ ልሳኑ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ይህ አለመነሣቷ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል ጋሼ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ተስፋ ቆርጠው ለመለዋወጫ ያስበትኗት ነበር።»



እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እኔ ደላላ ነኝ፤ ጉዷ የወጣ መኪና ገዢ ሲሸሻት ነው የማውቀው። እነዚህ ግን ቱቦው ሲፈነዳ አይተው፣ መሪው ሲደነድን አይተው፣ አልነሣም ስትል አይተው ከጠዋቱ ይበልጥ ፈለጓት። ቁልቁል ስንወርድ አንዳቸውም «ልተወው» አላሉም። ሦስቱም በጎ ጎን አላቸው፤ ሦስቱም ነውር አለባቸው። ፈርሃን ቢይዛት ጋሽ ልሳኑን እንደ ወፍ ያወጣቸዋል፣ ግን ማጋሉን አይተውም። አዜብ ብትይዛት መለዋወጫ አይጎድልባትም፣ ግን እሁድ እሁድ የሚነዳት ቅጥር ሾፌር ነው፤ ስትናገርም ለራሷ ሲመች ነው። መርሻ ቢይዛት ጸባይዋን ያውቃል፣ ግን ደንገጎን በሕይወቱ ነድቶ አያውቅም፤ ክፉ ወሬም ከሽማግሌው ይደብቃል።

ግቢ ደርሰን ሦስቱን ካሰናበቱ በኋላ ጋሽ ልሳኑ እጄን ፈልገው ያዙ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው።

«እኔ አላይም፤ አንተ ሁሉንም አይተሃል። የፊታችን እሁድ ሳይደርስ ለሚገባው ሰው ስጥልኝ፤» አሉኝ። «ትበላሻለች፣ እሱን ተወው፤ ዛሬም ነገም ትበላሻለች። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው ልጄ፦ እዚያ ዳገት ላይ ደግማ ስትቆም አጠገቤ ማን ቢኖር ይሻለኛል?»