ኖር ያልተባለችው ጠማቂ

አንድ ታሪክ አለኝ። አጭር ነው፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ቀና ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው የምታዩት ይመስለኛል። ለዚያ ስትሉ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ፣ አትቆጩበትም።

አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። በዚህች ከተማ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የዜማና የጠላ በዓል ይደረጋል። በዓሉን የሚያዘጋጀው መንግሥት አይደለም፣ ነጋዴም አይደለም፤ የከተማው ሰው ራሱ ነው፣ ያለ አንዳች ክፍያ። አንዱ ዳስ ይተክላል፣ ሌላው ወንበር ይሸከማል፣ ማሲንቆና ክራር የሚችል ይጫወታል፣ ጠማቂዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጠላ ይዘው ይመጣሉ። ጠላ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። የገብሱ አለ፣ የዳጉሳው አለ፣ የማሽላው አለ፤ ጌሾው በርከት ብሎ ምላስ የሚይዝም አለ። ከጠላው የሚገኘው ሁሉ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ይውላል። ስለዚህ በዳሱ መግቢያ ላይ «ማንም ብቻውን አይቅር» የሚል ጨርቅ ይሰቀላል።

ጨርቁን በየዓመቱ የምትሰቅለው እትዬ አስካለ ነበረች።

እትዬ አስካለ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ጠማቂ ናት። የእሷን የገብስ ጠላ የሚያህል በከተማው አልነበረም። ከዓመት እስከ ዓመት ቤቷ ዝም ያለ ነው። ጠላው መብላላት ሲጀምር ብቻ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ታስጠጋለች፤ እቤት ውስጥ ድምፅ ያለው እሱ ነዋ። «ዛሬስ ምን ትላለህ?» ትለዋለች። ጋኑ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። «እሱስ ልክ ነህ» ትለዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ታሪኩ ያለሱ አይገባም። በዚያች ከተማ ሰዎች ተቀምጠው ሳለ ሌላ ሰው ከገባ፣ የተቀመጡት ብድግ ብለው «ኖር!» ይሉታል። የመጣውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣቸዋል፤ ቦታም ይለቀቅለታል። አሁን አሁን እየቀረ ነው እንጂ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቃሉን ግን ልብ በሉት። ከ«መኖር» ጋር ይዛመዳል። መምጣትህን አይተናል፣ በመካከላችን አለህ፣ ኑር እንደማለት ነው።

ታዲያ እትዬ አስካለ በበዓሉ ላይ ኖር ተብላ አታውቅም። ክፋት አልነበረም። ኖር የሚባለው የመጣ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ መጥታ አታውቅም። ሰው ሳይገባ ትገኛለች፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ትሄዳለች። ሲመጡም እዚያው ናት፣ ሲሄዱም እዚያው ናት፣ እንደ ዳሱ ምሰሶ። «አስካለማ የቤት ሰው ናት» ይላሉ። ማመስገናቸው ነበር።

አንድ ዓመት ቆላ ያለችው እህቷ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይና አብረን እናርጅ» ብላ ላከችባት። እትዬ አስካለ ከተማዋን መልቀቅ አልፈለገችም፤ ባሏ የተቀበረው እዚያ ነው። መቅረቱ ደግሞ ከበዳት። በመጨረሻ ለራሷ እንዲህ አለች፤ «ዘንድሮ እንግዳ ሆኜ እገባለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ኖር ካለኝ እቀራለሁ። ካልሆነ እሄዳለሁ።»

በበዓሉ ቀን ማልዳ ጋኗን አስመጥታ አስቀመጠች፣ ጨርቁን ሰቀለች፣ ከዚያ ማንም ሳይመጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ታጥባ፣ ሣጥን ውስጥ የኖረውን ጥልፍ ቀሚሷን ለበሰች። ዳሱ እስኪሞላ ጠብቃ፣ እንደማንኛውም ሰው በመግቢያው በኩል መጣች። ከፊቷ አንድ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ሲገባ ዳሱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። «በእግዜር፣ በእግዜር» አለ ነጋዴው። ሰዉ ተቀመጠ።

እሷ ገባች።

የበዓሉ ሊቀ መንበር ጋሽ ወንድይፍራው ከተቀመጡበት ሳይነሡ አዩዋት። «አንቺ፣ የት ጠፍተሽ ነው? ሰዉ በጥም አለቀ እኮ።»

«መጣሁ እኮ ጋሼ» አለች።

«መጣሁ ትላለች እንዴ! የቤት ሰው ደግሞ ከየት ነው የሚመጣው?»

ዳሱ ሳቀ። «ኧረ ቀሚሱን እዩልኝ» አለ አንድ ጎረምሳ፣ «እትዬ አስካለ፣ ሠርግ ደብቀውናል መሰለኝ።» እንደገና ተሳቀ። አንዲት ሴት ጆጉን አስጨበጠቻት። እትዬ አስካለ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እንደ ወጉ ጥቂት መዳፏ ላይ አድርጋ ቀመሰች፣ መቅዳትም ጀመረች። ጠላው ግሩም ሆኖ ወጥቶ ነበር።

ላቀው የሚባል ማሲንቆ መቺ እየተዘዋወረ ይጫወታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ለአዝማሪው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። እትዬ አስካለም አጠገቧ ሲደርስ ጎንበስ ብላ በጆሮው አንድ ስንኝ ሰጠችው።

«ማን አለ ልበል?» አላት።

«ማንም አትበል።»

ላቀው ማሲንቆውን ገዝገዝ አድርጎ አዜመው።

«ለመጣ ሁሉ ኖር ሲባል ሰማሁኝ፣
ሳልመጣ ኖሬ ሳልኖር ሄድሁኝ።»

«ድገመው!» አለ ሰዉ። ደገመው። ጨዋታው ጣማቸው፤ የማን ኑሮ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። «የሰከረ ሰው ስንኝ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው እየሳቁ። ይህን እያሉ ዋንጫቸውን ዘረጉላት። ሞላችላቸው።

ሲመሽ ጨርቁን አውርዳ አጠፈችው። ጋኗን አስወሰደች፣ አጠበች፣ በደጃፏ ላይ ደፋችው። በማግስቱ በከተማው አልነበረችም።

በዓሉ አልቀረም። በሚቀጥለው ዓመት ጠላውን ሌሎች ጠመቁት። ብቻ ማልዶ ዳሱን የሚከፍት ሰው ጠፋና ጋሽ ወንድይፍራው «ምን ችግር አለ፣ እኔ እከፍተዋለሁ» አሉ። ጨርቁን ራሳቸው ሰቀሉ። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ ሲገባ ተነሥተው ኖር አሉ። ሌላው ሲገባ ተነሡ። እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ለእሳቸው ግን የሚመጣው ሌላ ነበር፤ «ጋሼ፣ ወንበር ጎደለ።» «ጋሼ፣ ውሃው አልመጣም።» «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉማ፣ እንግዳ ሊያልፍ ነው።»

ቀኑ ሲያጋድል የተደፋ ማድጋ ላይ ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ሳያዙት «ሳልመጣ ኖሬ» አለ። ቀና ብለው ላቀውን ጠሩት።

«ያን ስንኝ ማን ነበር የሰጠህ?»

ላቀው የገብሱ ጋን ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ ዞሮ ተመለከተ። ሽማግሌውም ተከትለው ተመለከቱ። ባዶ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው ሳይውሉ ሳያድሩ ቆላ ወረዱ። እህትየዋ ገበያ ወጥታ እትዬ አስካለን ብቻዋን አገኟት። ስታያቸው ብድግ ብላ «ኖር ጋሼ!» አለች። እሳቸው በእግዜር አላሉም።

«ውጪ» አሏት።

«ምን አሉ?»

«ውጪና ግቢ።»

እርጅና ያጃጃላቸው መሰላት። ቢሆንም የትልቅ ሰው ቃል ነው ብላ ወጣች። ጥቂት ፀሐዩ ላይ ቆመች። ስትመለስ ጋሽ ወንድይፍራው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግሯ ደፉን ሲረግጥ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። አንድ ዳስ ሙሉ ሰው በሚያክል ድምፅ፣

«ኖር!» አሏት።

እትዬ አስካለ ደፉ ላይ ቆመች። ዕድሜዋን ሁሉ ሌሎች ሲመልሱት የሰማችው መልስ ጠፋት። ሽማግሌውም ሳይመለስላቸው አልቀመጥ ብለው ቆሙ።

«በእግዜር» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች። ጠላውን የቀዱላት እሳቸው ናቸው፤ ግማሹን አፈሰሱት።

«ትመለሻለሽ?»

«አዲስ ጋን እዚህ ተከልኩ ጋሼ» አለች። «አምና ቢሆን ኖሮ ለዚህች አንዲት ቃል ስል እቀር ነበር።»

ጋሽ ወንድይፍራው ዳገቱን ብቻቸውን ወጡት።

ትምህርቱ ይኸው ነው። ብቸኝነት ሰው በሌለበት ቤት ብቻ ያለ አይምሰላችሁ፤ በሞላ ዳስ ውስጥ፣ ለዚያውም ጆግ ይዛችሁ፣ ያገኛችኋል። ሁልጊዜ ያለ ሰው አይመጣም፤ ላልመጣ ሰው ደግሞ ማንም አይነሣም። የምንዘነጋው የራቀንን ብቻ አይደለም፤ «የቤት ሰው ነው» ያልነውን አብልጠን እንዘነጋለን። እናንተስ፣ መምጣቱን አይታችሁ የማታውቁት፣ ሁልጊዜ ግን ያለ ሰው ማን አላችሁ?

እሱን፣ ወይም እሷን፣ ፈልጉ። በሚቀጥለው ድግስ፣ በሚቀጥለው ዕድር፣ ወይም ዛሬ እቤታችሁ ስትገቡ ሞክሩት። «ውጪና ግቢ» በሏት። ትስቅባችሁ ይሆናል፤ ትሳቅ። ስትገባ ግን ተቀምጣችሁ አትጠብቋት።