ገብስማ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አዛውንቱ። ትሁኔ «አባ፣ ገብስማ ከነጭ ነው የሚቆጠረው ከጥቁር?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ነጠላዋ ሸርተት ብሎ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ፀጉሯ ይታያል።

«ገበሬ ነበር፤ ጎተራው የሞላ፣ ስሙ የተመሰገነ። አንድ ዓመት በረዶ የጎረቤቱን ማሳ አወደመና ጎረቤቱ ዘር ሊለምን መጣ። ገበሬው ጎተራ ገባ። ምርጥ ነጭ ገብስ ነበረው። የከረመ፣ ነቀዝ የገባበት ጥቁር ገብስም ነበረው። ነጩ አሳሳው። ባዶ እጁን እንዳይመልሰው ደግሞ የሰው አፍ ፈራ። ስለዚህ ቁናውን በጥቁሩ ሞላና ከላይ ሁለት እፍኝ ነጭ አለበሰው። ጎረቤቱ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ መርቆት ሄደ።

ክረምቱን ሙሉ በዚያ ማሳ በኩል አላለፈም። ሚስቱ «ምን ያዞርሃል?» ስትለው «ጭቃ ነው» ይላታል።

በመኸር ጎረቤቱ አንድ ነዶ ተሸክሞ መጣ። ነዶው ነጭም አይደል፣ ጥቁርም አይደል። ደጅ የተቀመጡ ሰዎች «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መልክ ነው?» አሉ።

«የእሱ ዘር ነው፤ ልጆቼን ያተረፈልኝ» አለ ጎረቤቱ።

ሰዎቹ ገበሬውን ማመስገን ጀመሩ። ዝም ቢል ምስጋናው የእሱ ነበር። እሱ ግን ተነሣ። «ከላይ ነጭ አለበስሁት እንጂ የሰጠሁህ ነቀዝ የበላውን ነው» አለ።

ጎረቤቱ ሳቀ። «ቁናው ሲቀለኝ ያን ዕለት ዐውቄዋለሁ። ነቀዝ የበላው እህል መቼ ክብደት አለው? ግን ሌላ ማን ሰጠኝ? ከነቀዝ የተረፈውም በቀለ፣ እፍኝህም በቀለ። አሁን ለይልኝ ብትለኝ አልችልም።»

እንግዲህ በዚያ አገር ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበትን ሁሉ፣ የዶሮውን ላባም የሰውን ፀጉርም፣ ያን ገብስ የሚመስል ሲሉ ገብስማ አሉት ይባላል።»

«አንቺም ልጄ» አሉ አዛውንቱ ወደ ትሁኔ ዞረው፣ «እናትሽን ሦስት ዓመት አስታመምሽ። እያስታመምሽም ‹ምነው በገላገላት› ያልሽበት ቀን እንዳለ ነግረሽኛል። ለቀስተኛው ሁሉ ‹እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን› ሲል አንገትሽን የምትደፊው ለዚህ ነው። ነቀዙን አልካድሽም፣ ደግ አደረግሽ፤ እፍኙንም አትካጂ። ደግሞስ፣ ቁናው ሲቀል እናትሽ ያላወቀች ይመስልሻል? እያወቀች ነው የመረቀችሽ።»