እመት ሚዳቋና ሦስቱ አማካሪዎቿ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ፈሪ ካለ ወደ መሐል ይግባ።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ሚዳቋ የአገሩ አልቃሽ ነበረች። ማንም ቢሞት ሙሾ የምታወጣው እሷ ናት። ከዕለታት አንድ ቀን የንጉሥ አንበሳ አንድያ ልጅ ታሞ ሞተ። አንበሳ ሐዘኑ ደረቱ ውስጥ ታፍኖ እንባ እምቢ አለው። ሚዳቋን አስጠራና፣ "ነገ ለቅሶው ላይ ሙሾ አውጪ። ካላስለቀስሽኝ እበላሻለሁ" አላት።

ምስኪን! እየፈራች ስትመለስ የሞተው የአንበሳ ደቦል ትዝ አላት። ቁጥቋጦ ሥር ተደብቃ ስንቴ አይታዋለች! ነጎድጓድ በጮኸ ቁጥር እናቱ ሆድ ሥር ይወሸቅ ነበር። ሙሾው ያኔውኑ መጣላት፦

ሰማይ ሲያጓራበት እናቱ የምትደብቀው፣
ክረምቱ ሲገባ አፈር ውስጥ ማን ያሙቀው?

እንባዋ ወረደ። ግን ፍርሃት መች ያስቀምጣል? "እስቲ ማንም ይሁን፣ ጥሩ ነው ይበለኝ" ብላ ወጣች።

አያ ጅቦን አገኘችና አንጎራጎረችለት። "ኧረ ተይ! የንጉሥ ልጅ እናቱ ሥር ይደበቃል? ይበላሻል!" አላት። እናቱን ከሙሾው ውስጥ አስወጣች። "አሁን አማረ!" አለ ጅብ።

ቀበሮን አገኘች። "የንጉሥ ልጅ ይበርደዋል እንዴ? ይበላሻል!" አላት። ብርዱን አወጣች። "አሁን አማረ!" አለ ቀበሮ።

ጥንብ አንሳን አገኘች። "ንጉሥ ፊት አፈር ይጠራል? ይበላሻል!" አላት። አፈሩንም አወጣች። "አሁንማ አማረ!" አለ ጥንብ አንሳ። በጎደለው ቦታ እነሱ የወደዱትን ትልልቅ ቃል ሞላችበት።

ለቅሶው ደረሰ። ሚዳቋ መሐል ቆመች፦

ሲያገሳ ተራራ የሚያንቀጠቅጠው፣
ከደመናም በላይ ዙፋኑ የበለጠው!

የአንበሳ ዓይን ደረቅ ነው። "ይህ የማን ልጅ ነው?" አለ። "እኔ የሞተብኝ ሌላ ነው።" ተነሥቶ መጣ። ትንፋሹ አንገቷን አቃጠላት።

የሚያድናት ፍለጋ ዞር አለች። ከጎኗ፣ ከሁሉ ቀድመው ቦታ የያዙት፣ ጅብ፣ ቀበሮና ጥንብ አንሳ ናቸው። ጅብ ምራቁን ይውጣል። አንበሳ ሲበላ ትራፊው የማን ነው? የእነሱ! ለካ ምክር የጠየቀችው ሥጋዋን የሚጠብቁትን ኖሯል።

ዓይኗን ጨፈነች። እየተንቀጠቀጠች የመጀመሪያውን ሙሾ፣ የራሷን፣ አለችው።

አንበሳ ቀጥ አለ። "አዎ፣ ይፈራ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጫካው እስኪናወጥ አለቀሰ። ሲወጣለት፣ "ይህን ሙሾ ማን ደበቀብኝ?" አላት።

"አማካሪዎቼ ናቸው፣ ንጉሥ ሆይ። ይኸው አጠገቤ ምሳ እየጠበቁ ነው።"

ቀበሮ ጉድጓዱ ገባ፤ ጥንብ አንሳ በረረ። ጅብን ግን አንበሳ ወገቡ ላይ መታው። ይኸው እስከ ዛሬ ወገቡ አልተቃናም።

ሚዳቋም እስከ ዛሬ ፈሪ ናት፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ትደነብራለች። ሙሾ ስታወጣ ግን ማንንም አትጠይቅም።

በሰው አፍ አይበላም፣ በሰው ዓይን አይለቀስም። እኔ ነገርኩ፤ የሰማ ልቡ ውስጥ ያስቀምጥ።